ምዕራፍ 7፦ ዝም የሚል ስህተት

ሾላ ገበያ ቅቤ ተራ ጥቂት ደቂቃ የቆመ ሰው ሁለት ዓይነት ገዢ ያያል። አንዱ ዋጋ ጠይቆ፣ ተከራክሮ፣ አስመዝኖ ይሄዳል። ሌላዋ፣ አብዛኛውን ጊዜ ነጠላዋን ያጣፋች እናት፣ ዋጋ ከመጠየቋ በፊት በጥፍሯ ጫፍ ትቆነጥርና በሁለት ጣቶቿ መካከል ታሸዋለች፤ ታሸተዋለች፤ እጇ ጀርባ ላይ ቀባ አድርጋ ትጠብቃለች። ከዚያ ወይ «ስንት ነው?» ትላለች፣ ወይ ቃል ሳትተነፍስ ወደሚቀጥለው ነጋዴ ታልፋለች። እናቴ ከሁለተኛው ወገን ነበረች። ልጅ ሆኜ ዘንቢል ተሸክሜ ስከተላት «እማዬ፣ እንዴት አወቅሽ?» ብዬ እጠይቃታለሁ። «ስንቴ ተታልዬ መሰለህ!» ነበር መልሷ።

ቀልድ ይመስላል እንጂ የዚህ ምዕራፍ ግማሹ ያ መልስ ውስጥ አለ። ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ቅቤ እሳት ላይ ሲነጠር ራሱን ያጋልጣል። ገዢዋ ጠዋት የሠራችውን ስህተት ማታ ድስቷ ውስጥ ታየዋለች፤ የከሰረችውም ጥቂት ብር ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጣቷ አንድ ነገር ጨምሮ ያውቃል። ሰው ለሠራው ሥራ የሚያገኘውን እንዲህ ያለ ምላሽ ባለሙያዎች «ግብረ መልስ» ይሉታል። በምዕራፍ 4 ስለ ሚኒባስ ሾፌሮች ስናወራ፣ ልምድ አዋቂ የሚያደርገው ግብረ መልሱ ፈጣንም እውነተኛም ሲሆን ነው ያልነው ለዚህ ነበር።

ስህተቱ መልስ ባይሰጥስ? ሰውየው ተሳስቶ ምንም ሳይሆን ቢቀር፣ ደግሞ ቢሳሳት፣ አሁንም ምንም ባይሆንስ? ገመድ ይዞ ዓለት መውጣት የዚህ ዓይነቱ ሥራ ዋና ምሳሌ ነው። ለመንገድ መሪ ገንዘብ መክፈል ለምን እንደሚያዋጣም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም።

የባህር ዛፉ ገመድ

ተማሪ ሳለን አምስት ሆነን ገደል ለመውጣት ተነሳን። ሾላ አካባቢ ካለ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ 30 ሜትር ቢጫ የፕላስቲክ ገመድ ገዛን፤ አይሱዙ ላይ ጭነት የሚታሰርበት ዓይነት። ከየካ ሚካኤል ጀርባ ሽቅብ ወጥተን፣ ሥራ ያቆመ የድንጋይ ካባ ደረስን፤ ሦስት ፎቅ የሚያህል ቀጥ ያለ የድንጋይ ግድግዳ ነው። አንዳችን ዞሮ ከላይ ወጣና ገመዱን ባህር ዛፍ ላይ አሰረው። የቀረነው ተራ በተራ ወገባችን ላይ እየቋጠርን ወጣን፤ ወረድን። ቆሎ በላን። ፎቶ ተነሳን። ማታ ሰፈር ስንደርስ ጀግኖች ነበርን።

ያን ቀን አምስታችንም ገመድ አስሮ ገደል መውጣት ቀላል መሆኑን ተማርን። የተማርነው ሐሰት ነበር። ሐሰትነቱን ሊነግረን የሚችል ነገር ግን በዚያ ቀን ውስጥ አልነበረም። ገመዱ አልተበጠሰም፤ ዛፉ አልተነቀለም፤ ማንም እግሩ አልከዳውም። ለምሳሌ ያህል፣ እኛ እንዳደረግነው ከሚወጡ 50 ቡድኖች አንዱ ብቻ ሟች ይዞ ይመለሳል እንበል (ቁጥሩን ለማስረዳት ያነሳሁት ነው)። 49ኙ «ትክክል ነበርን» ብለው ይመለሳሉ፤ ለጓደኞቻቸውም ይመክራሉ። ቀለበት መንገዱን በድልድዩ መሻገር ትቶ አጥሩን እየዘለለ የሚሻገር ሰው እንዲሁ ነው። በየቀኑ በሰላም በተሻገረ ቁጥር መንገዱ «ምንም አይልም» ያለው ይመስለዋል። መንገዱ ግን ምንም አላለም። ዝም ነው ያለው።

ቅቤ ሲያታልለን ማታውኑ ይነግረናል። ገደል ግን ተሳስተን ሳለ «ጎበዝ» ይለናል።

ኩንታል፣ ገመድ፣ ጋቢ

ያ ስህተት የት እንደተደበቀ ለማየት ትንሽ ሒሳብ ያስፈልጋል። አትሽሹ፤ መለኪያችን ኩንታል ነው። የዓለት ወጪዎች ዕቃ ላይ የሚታተመው የኃይል መለኪያ «ኪሎ ኒውተን» ይባላል። አንድ ኪሎ ኒውተን ማለት አንድ ኩንታል ጤፍ ተንጠልጥሎ ወደታች የሚጎትትበት ኃይል ነው ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ ኢምንት ነው።

70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ገመድ ላይ ዝም ብሎ ቢንጠለጠል ከኩንታል በታች ይጎትታል። ይህንን የሾላ ገመድ በደንብ ይችለዋል። ችግሩ የሚመጣው ሲወድቅ ነው። ሁለት ሜትር ቁልቁል ወድቆ ገመዱ ሲይዘው፣ የሚደርስበት ኃይል የሚወሰነው በአንድ ነገር ነው፦ ለመቆም ስንት ርቀት ፈጀ? በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ድንገት ቀጥ ካደረገው 14 ኩንታል ገደማ በአንድ ቅጽበት ወገቡ ላይ ያርፋል። ገመዱ እየተለጠጠ በአንድ ሜትር ውስጥ ቢያቆመው ግን ሁለት ኩንታል ያህል ብቻ ነው። ሰውየው ያው፣ ከፍታው ያው፣ ልዩነቱ ሰባት እጥፍ።

ይህን የገበያው ተሸካሚዎች ሳይማሩ ያውቁታል። ከመኪና ላይ የሚወረወርለትን ኩንታል የሚቀበል ወጣት ደረቱን ገትሮ አይጠብቅም፤ ጆንያው ትከሻውን ሲነካ በጉልበቱ እጥፍ ብሎ አብሮት ይወርዳል። ለዓለት የሚሠራ ገመድም ጉልበት አለው። ናይለኑ ሆን ተብሎ እንዲለጠጥ የተፈተለ ነው። ዓለም አቀፉ ደረጃ በ80 ኪሎ ክብደት የመጣል ሙከራ ሲደረግበት፣ በመጀመሪያው አወዳደቅ የሚተላለፈው ኃይል ከ12 ኪሎ ኒውተን እንዳይበልጥ፣ መለጠጡም ከ40 በመቶ እንዳያልፍ ያዛል። አንድ ነጠላ ገመድ ቢያንስ 5 እንዲህ ያሉ ከባድ አወዳደቆችን ሳይበጠስ መቋቋም አለበት። የእኛ ቢጫ ገመድ የተሠራው ጭነት እንዳይንሸራተት ነው፤ አለመለጠጡ ለአይሱዙው በጎነት፣ ለእኛ አደጋ ነበር። ደግሞም ወገባችን ላይ ብቻ ነበር የታሰርነው። ጭንን የሚይዝ ትጥቅ ሳይኖረው በወገቡ የተንጠለጠለ ሰው ባይወድቅ እንኳ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መተንፈስ ይቸግረዋል።

ሁለተኛው ድብቅ ነገር ማዕዘን ነው። ባለ ሁለት እጀታ ባልዲ ውሃ ይዘው የሚሄዱ ሁለት ልጆችን አስቡ። ጎን ለጎን ተጠጋግተው ከሄዱ እያንዳንዳቸው ግማሹን ይይዛሉ። እየተራራቁ ሲሄዱ ግን ባልዲው ውሃ ሳይጨመርበት ይከብዳል፤ ምክንያቱም አሁን ውሃውን ብቻ ሳይሆን አንዱ ሌላውን ጭምር እየጎተተ ነው። ከላይ ገመድ የሚታሰርባቸው ሁለት ነጥቦችም እንደዚያ ናቸው። በሁለቱ ክንዶች መካከል ያለው ማዕዘን 60 ዲግሪ ሲሆን እያንዳንዱ ነጥብ የክብደቱን 58 በመቶ ይሸከማል። 120 ዲግሪ ሲደርስ እያንዳንዱ ሙሉውን ይሸከማል፤ ሁለት ቦታ ማሰሩ ከዚህ በኋላ ምንም አላቀለለም። 150 ዲግሪ ላይ ሸክሙ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ልብስ ማስጫ ገመድ አጥብቀን ስንወጥር የሚያምረን ይህ ሰፊ ማዕዘን ነው፤ ውሃ የጠጣ ጋቢ ሲሰቀልበት ምስማሩን የሚነቅለውም ይኸው ነው። ሦስት ቀሚስ ሲሰቀልበት ግን ዝም ይላል።

ሦስተኛውን ባጭሩ ልለፈው። ካራቢነር የሚባለው በር ያለው የብረት ቀለበት በቁመቱ ሲጎተት ቢያንስ 20 ኩንታል ያህል መቻል አለበት። በሩ ሳይገጥም ከቀረ ወይም በጎኑ ከተጎተተ የሚጠበቅበት 7 ብቻ ነው። ቀለበቱ አልተለወጠም፤ ሲያዩት ያው ነው። አቅሙ ግን ሁለት ሦስተኛውን አጥቷል።

የሊን ሂል ጃኬት

«ይህ ሁሉ የጀማሪ ስህተት ነው፤ ሰው ሲለምድ ይቀራል» የሚል አንባቢ ይኖራል። አሜሪካዊቷ ሊን ሂል በዘመኗ ከዓለም ምርጥ ዓለት ወጪዎች አንዷ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1989 ፈረንሳይ ውስጥ ቡው በተባለ ቦታ፣ ለእሷ እንደ ማሟሟቂያ በሚቆጠር መንገድ ላይ ለመውጣት ገመዱን በትጥቋ ውስጥ አሳለፈች። ቋጠሮውን ሳትጨርስ ሐሳቧ ወደ ሌላ ሄደ፤ ጫማዋን ለማድረግ ዞር አለች። ጃኬቷ ያልተጨረሰውን ቋጠሮ ሸፈነው። ከዚያ ወጣች።

ወደ ላይ በምትወጣበት ጊዜ ሁሉ ያ ቋጠሮ ምንም ሥራ አልነበረውም። የሚይዛት እጇና እግሯ ነው። ስለዚህ ስህተቱ ከታች እስከ ላይ አብሯት ተጓዘ፤ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ። ጫፍ ደርሳ ለመውረድ ወደ ኋላ ክብደቷን ገመዱ ላይ ስትጥል ገመዱ ሾልኮ ወጣ። ከ20 ሜትር በላይ ወደቀች። ዛፍ ነበር የተቀበላት፤ ከሞት አተረፋት። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1993፣ ካሊፎርኒያ ባለ ታላቅ የዓለት ግድግዳ ላይ ኖዝ የተባለውን መንገድ በእጇና በእግሯ ብቻ እየያዘች ወጥታ ስሟን በታሪክ አጻፈች።

ሊን ሂል እውቀት አልጎደላትም። የጎደለው ከመውጣቷ በፊት «እስቲ ጃኬትሽን አንሺው» የሚላት ሌላ ሰው ነበር። ሠለጠኑ የሚባሉ መንገድ መሪዎች ይህንን ሐሳብ አድርገው ሳይሆን ልማድ አድርገው ይዘውታል። ደንበኛው መቶ ጊዜ የወጣ ቢሆንም ቋጠሮውን በዓይናቸው አይተው፣ በእጃቸው ጎትተው፣ የራሳቸውንም አሳይተው ነው የሚለቁት። አሰልቺ ነው። በመቶ ቀን ውስጥ 99ኙ ቀን ከንቱ ድካም ይመስላል። እናቴ የዘወትር ነጋዴዋን «ደንበኛዬ» እያለች ብትጠራትም፣ የዚያችንም ቅቤ ሳትቆነጥር ገዝታ አታውቅም ነበር።

ከላይ የሚይዘው እጅ

በአገራችን ይህ ጥበብ አዲስ አይደለም። ደብረ ዳሞ ከአቡነ አረጋዊ ዘመን፣ ከ6ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በገመድ ይወጣል። ወደ ገዳሙ የሚያስገባው ገደል 15 ሜትር ገደማ ነው። ወጪው አንዱን የተፈተለ የቆዳ ገመድ በእጁ ይይዛል፤ ሌላው ጠፍር ደግሞ ወገቡ ላይ ይታሰራል፤ የሱን ጫፍ ከላይ ያለ መነኩሴ ይዞ፣ ወጪው በወጣ ቁጥር ላላ ያለውን እየሰበሰበ ይጎትታል። የዛሬ ዓለት ወጪዎች ከላይ የሚያዝ ገመድ የሚሉት አሠራር በዋና ሐሳቡ ይኸው ነው። አንዱ ገመድ ለመውጫ፣ አንዱ ለስህተት። የመውጫው ሥራ ይታያል። የስህተቱ ገመድ በአብዛኛው ቀን ምንም አይሠራም፤ የተያዘው ላልተለመደው ቀን ነው።

በገርዓልታ አቡነ የማታ ጉህ ደግሞ ሌላ ዓይነት እውቀት ታገኛላችሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ዓለት ውስጥ የተፈለፈለ ነው፤ ከመግባታችሁ በፊት 200 ሜትር ገደማ ባዶ አየር ከጎናችሁ ባለበት ጠባብ ድንጋይ ላይ ታልፋላችሁ። ጫማ ይወለቃል። የአካባቢው ሰዎች ከፊትና ከኋላ ሆነው እጃችሁን ብቻ ሳይሆን እግራችሁንም ይዘው የት ጉድጓድ ውስጥ እንደሚያርፍ ያሳያሉ፤ ግራ እግር እዚህ፣ ቀኝ እጅ እዚያ። የገርዓልታ ዓለት አሸዋ ድንጋይ ነው። ዝናብ ሲጠጣ ይለሰልሳል፤ ላዩ ደርቆ እንኳ ውስጡ ርጥብ ሊሆን ይችላል። የእንጦጦ ዓለት ግን የእሳተ ገሞራ ልጅ ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ግን ይሰነጠቃል፣ ጠርዙም ገመድ ይበላል። በአንዱ ያገኛችሁት ልምድ በሌላው ያሳስታችኋል። ማይካ ቡርሃርት የተባለች አሜሪካዊት ተራራ ወጪ ከጓደኞቿ ጋር የትግራይን የአሸዋ ድንጋይ ማማዎች ወጥታ በ2008 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትማለች። የሷን የገመድ እውቀት የአቡነ የማታ ገበሬ የለውም፤ የሱን የድንጋይ እውቀት እሷ የላትም። ጥሩ መሪ ከሁለቱም የተወሰነ ያለው፣ የጎደለውንም ከማን እንደሚጠይቅ የሚያውቅ ነው። እንጦጦ ላይ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው በየቀኑ የሚወርዱትን እናቶች የትኛው ቁልቁለት ዝናብ ሲመታው እንደሚከዳ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ወደ ካባው የወጣን ቀን አጠገባቸው አልፈን ሄድን። «ልጆቼ፣ በዚያ አትሂዱ፣ ይንዳል» ያለችን አንዲት እናት ነበረች። ሳቅን።

መሪና ደላላ

ለመሪ የሚከፈለው ገንዘብ ለምን እንደሆነ ስናስብ መጀመሪያ የሚመጣልን «ላይ እንዲያደርሰን» ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ደላላ የሚከፈለው ውሉ ሲፈረም ነው፤ ስለዚህ «ይህ ቤት ይቅርብህ» የሚል ደላላ ብርቅ ነው። ጫፍ ካደረሰ ብቻ የሚከፈለው መሪም ደላላ ሆኗል ማለት ነው። ደመናውን እያየ «ዛሬ አይሆንም» ማለት ከኪሱ ይቆርጥበታል። የሚከፈለው በቀን ከሆነ ግን ስትመለሱም ስትወጡም ያው ነው፤ አፉ ነፃ ነው።

አውሮፓ ይህን የተማረችው በሞት ነው። ሞን ብላን ለመጀመሪያ ጊዜ የተወጣው እ.ኤ.አ. በ1786 በሻሞኒው ዶክተር ፓካርና በባልማ ነበር። ከዚያ በኋላ የሻሞኒ ገበሬዎች እንግዳ እየመሩ መኖር ጀመሩ። በ1820 ዶክተር ሐሜል የተባለ የሩሲያ ሊቅ የመራው ቡድን ላይ በረዶ ተንዶ ሦስት መሪዎች ሞቱ። ስለ አየሩ በመሪዎቹና በደንበኛቸው መካከል ክርክር እንደነበር ይነገራል። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1821፣ የሻሞኒ መሪዎች ማኅበር ተመሠረተ። እንግዳ በተራ እንዲከፋፈሉ ደንብ አወጡ፤ ለሟችና ለተጎጂ ቤተሰብ የሚሆን የመረዳጃ ገንዘብም አቋቋሙ። በምዕራፍ 3 ያነሳነውን እድር ታስታውሳላችሁ? ይኸው እድር ነው፤ ድንኳኑ ብቻ ቀረው። ተራ የተባለው ደንብም ቀላል አይደለም። የዛሬው እንግዳ ቢቀርበት ተራው እንደሚደርሰው የሚያውቅ መሪ «እንመለስ» ለማለት ያነሰ ይፈራል። ዛሬ የዓለም የተራራ መሪዎች ማኅበራት ፌዴሬሽን (እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው) ከ20 በላይ አገራት አባላት አሉት፤ ባጁን ለማግኘት ዓመታት የሚወስድ ሥልጠናና ፈተና አለ።

የፈተናውን ጥቅም ከመጀመሪያው ሐሳባችን ጋር አያይዙት። ተማሪው ቋጠሮ ያሥራል፤ አስተማሪው አይቶ ያፈርሰዋል። ገደሉ ዝም ያለበት ቦታ ላይ የሚናገር ሰው ቆመ ማለት ነው። ከዚያም ሌሎች የወደቁበትን ታሪክ ያጠናል፤ የሊን ሂልን ጃኬት ጭምር። እናቴ ለመማር ራሷ መታለል ነበረባት። መሪው በሌላ ሰው ውድቀት ይማራል።

ሰሜን ተራሮች የምትሄዱ ደግሞ ይህን በግማሽ ታገኙታላችሁ። ደባርቅ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ስትነሱ መንገድ መሪና ጠመንጃ የያዘ ስካውት አብሯችሁ ይሄዳል። ብዙ ሰው ስካውቱን ከአውሬ ሊጠብቀን ነው ብሎ ያስባል፤ ከሱ ጋር ሦስት ቀን የሄደ ግን ጭጋግ ሳይወርድ ጭጋጉን የሚያይ ሰው መሆኑን ያውቃል። ከ4,500 ሜትር በላይ ወደሆነው ራስ ዳሸን የሚወጣ ሰው ራሱ ሲያመው እንኳ ሐሳቡ ጫፉ ላይ ነው። «አሁን ተመለስ» የሚለው ሌላ ሰው መሆን አለበት።

ከመስማማታችሁ በፊት

ስለዚህ መሪ ስትቀጥሩ «ስንት ጊዜ ወጥተሃል?» ብቻ አትጠይቁ፤ ያ ጥያቄ እኛንም ያሳልፈን ነበር። «ለመጨረሻ ጊዜ ሳትደርስ የተመለስከው መቼ ነው? ለምን?» በሉት። ተመልሼ አላውቅም የሚል ከሆነ ምስጋና አቅርባችሁ ሂዱ። የገመዱን ዕድሜ ጠይቁት፤ ጥሩ መሪ አይቀየምም፤ እንዲያውም ማስታወሻ ደብተር ያወጣላችኋል። ቋጠሮአችሁን ሳያይ ከለቀቃችሁ ስሙ የቱንም ያህል ይግነን፣ ሥራው ያው የአይሱዙ ገመድ ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ ያንን የካባ ፎቶ ለአንድ የሠለጠነ መሪ አሳየሁት። ስለ ጀግንነታችን አንድ ነገር እንዲል ነበር የጠበቅሁት። ስልኬን ወስዶ ምስሉን በጣቱ አሰፋው፤ ፊታችንን አላየም። ባህር ዛፉን፣ ከዚያ የድንጋዩን ጠርዝ፣ ከዚያ ገመዱን አየ።

«ገመዱ አሁንም አለ?» አለኝ።

«አለ» አልኩት።

«ጥሩ ገመድ ነው» አለ። «ለፍየል።»

ፍየል የለንም። ግቢያችን ውስጥ ከአጥሩ እስከ ማድ ቤቱ ወጥረነው ልብስ ይሰጣበታል፤ እኔ ራሴ ነኝ እንዳይረግብ አጥብቄ ያሠርኩት። ባለፈው ክረምት ሁለት ጋቢ ታጥቦ ሲሰቀልበት ገመዱ ምንም አልሆነም። ምስማሩ ከነሲሚንቶው ተነቅሎ ወጣ።